የመቶ አለቃው የግራ ጫማ

እግር ለሌለው ጫማ ምን ይሠራለታል? አንቺ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ለግድግዳው ሳይቀር እየመለስኩ ነው። እንደምን አለሽልኝ ልጄ? እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ጎረቤታችን መቶ አለቃ፣ ግራ እግራቸውን ጦርነት ላይ ትተው የመጡት፣ ቤታቸውን ሊቀሙ ነው። የቤቶች አስተዳደር ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ገቡና፣ «እስከ ዓርብ ካልጸዳ፣ የቤቱም ውል ካልቀረበ ይለቃሉ» አሏቸው። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረግኩ፣ ፈገፈግኩ። ወለሉ ቀይ መሆኑን እሳቸውም ያወቁት ገና አሁን ነው። አልጋው ሥር አሥራ አንድ የግራ ጫማ አገኘሁ። ጥንድ እየገዙ ቀኙን ብቻ ያደርጋሉ አይደል? ሰብስቤ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠሁት።

ትናንት፣ «በይ ውሉን ከጫማው አውጪልኝ» አሉኝ።

«ከየትኛው ጫማ?»

«ከግራው ነዋ! ማን ይነካዋል ብዬ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስነግራቸው፣ «ጠላት እግሬን፣ አንቺ ጫማዬን። ደህና ተረዳድታችኋል» ብለው ሳቁ።

ባለፈው ስትመጪ ያን ውል በስልክሽ አንስተሽው ነበር። ስልኩ መሰረቁን አልረሳሁም፣ ግን ፎቶውን ለሰው ልከሽው እንደሆነ እስቲ ፈልጊልኝ። ይሄ ደብዳቤ እስኪደርስሽ እሳቸው የት ወድቀው ይሆን? አንቺን ከነልጆችሽ ጣራ አያሳጣችሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። መቶ አለቃ በራፌ ላይ ቆመው፣ «ነይ መስክሪልኝ እንጂ ሴትዮ፣ ሰዎቹ መጡ!» እያሉኝ ነው። ጫማዬን ላድርግ።