ቤንዚኔን ከዘይት ላጸዱልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የድምፅ፣ የጭስና የፍጥነት ሥርዓት ማስከበሪያ ዴስክ ኃላፊ
ቢቸና፣ ከወንበርዎ ላይ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? በወጉ መጀመሪያ የቤተሰብዎንና የሥራዎን ደኅንነት መጠየቅ ሲገባኝ ከወገብዎ የተነሣሁት፣ ባለፈው ሳምንት በሞጣ መንገድ ዳር ከአያ አስናቀው የጤፍ ማሳ ውስጥ ብድግ ሲሉ ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ ጭነው ስላየሁዎት ነው። ቅዱስ ሚካኤል ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ የተኛውንም ጤፍ ያቅናው። የአባትዎን ስም ከስምዎ ቀጥሎ ያልጻፍኩት በድፍረት ወይም በመርሳት እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። ቦታው ከታች ስለሆነ ነው፤ ትዕግሥት ካለዎት ሲደርሱበት ያገኙታል።

እኔ አየሁሽ ወልደ ሰንበት፣ እዚሁ ቢቸና ጋራዥ ያለኝ ሴት ነኝ። የማንኛውንም ሞተር ብልሽት እሠራለሁ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር እጄ ከገባ ግን ጠግኜው ብቻ አልለቀውም፤ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጉልበት ሌላ ጉልበት ካልጨመርኩለት ምግብ አይበላልኝም። በዚህ ሙያ ከደጀን እስከ ሞጣ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣና ገደል ለገደል እንወዳደር። ትሕትና የጎደለኝ መስሎ ከታየዎት እውነት ነው፤ ጎድሎኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላውም ሰው ነገሩ እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር። መምሬ ገብረ ሕይወት የእኔም፣ የእርስዎም፣ የግማሹ ከተማም የንስሐ አባት ናቸው። ከዓመት እስከ ዓመት ከገደሉ ማዶ ወዳለው ሚካኤል እየተሻገሩ ይቀድሱ ነበር፤ የማዶው ደብር አንድ ቄስ ብቻ ስላለው፣ ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ ስለማይሆን፣ እሳቸው ካልተሻገሩ በዓሉ ያለ ቅዳሴ ይውላል። በዚህ ክረምት በቅሏቸው ሞተችባቸው፤ ጉልበታቸውም ከበቅሏቸው ጋር የተማከረ ይመስል አብሮ ከዳቸው። መኪና እስከ ገደሉ አፋፍ ደርሶ ይመለሳል። ባጃጅ አፋፉን አይቶ ነው የሚመለሰው።

በዚህ ላይ ማዶ አያ አካለ ወልድ የሚባሉ አዛውንት ታመው ተኝተዋል። ከእንግዲህ ብዙ እንደማይቆዩ ራሳቸው ያውቁታል፤ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎረቤት በቃሬዛ አድርሷቸው፣ ከመምሬ እጅ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው መሰናበት።

ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ጥሎት የሄደውን፣ ዶሮ ይታቀፍበት የነበረውን ባለ አራት ጎማ ሞተር ከጨረታ አወጣሁት። እንደኛ ባለ ደጋ አየሩ ቀጭን ስለሆነ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ አጠበብኩለት፤ የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ መስኮቶች በሞረድ ጥቂት በጥቂት አሰፋሁለት፤ ዳገት እንዲወድ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ በትልቅ ቀየርኩለት። የጭስ ማውጫውን ማርሚታም ከበርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጬ፣ ሆዱን አስፍቼ ጫፉን አጥብቤ በየድኩት። የዚህ ዓይነት ሞተር ቫልቭ ስለሌለው ያልተቃጠለው ቤንዚን ከጭሱ ጋር ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ማርሚታው በልኩ ከተሠራ ግን ድምፁ ራሱ ከጠባቡ ጫፍ ነጥሮ ይመለስና ያመለጠውን እየገፋ ወደ ሲሊንደሩ ይከተዋል። በከተማችን ድምፅ ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ ሥራ ሲሠራ ያየሁት በዚህ ማርሚታ ውስጥ ብቻ ነው፤ የስብሰባ አዳራሻችሁን ጨምሬ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያው ሙከራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለካህን የሚሆን አልነበረም። ጉልበቱ ከታች አድፍጦ ከላይ ድንገት ስለሚፈነዳ መምሬ ጃንጥላቸውን መንገድ ላይ ጥለው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደረሱ። አልተቆጡኝም፤ ‘አየሁሽ ልጄ፣ ይኼ ነገር ዳዊቴን ሳልደግም ያደርሰኛል፤ ትንሽ አረጋጊልኝ’ ብቻ አሉኝ። ማርሚታውን አስረዘምኩትና ጉልበቱ ከታች ጀምሮ በእርጋታ እንዲመጣ አደረግኩት። ሲያስነሱት ፔዳሉ መልሶ ይራገጥ ነበር፤ እሱን ግን እንዳልነካው ከለከሉኝ፤ በቅሏቸውም ጠባይዋ ይኼው ነበርና ለምደውታል። ከመስከረም ጀምሮ ያንን ገደል እንደ ጓሯቸው ተመላለሱበት፤ እኔም አፋፉ ላይ ቆሜ ያንን ድምፅ ስሰማ ደስታዬን የምይዝበት አጣ ነበር።

እንግዲህ እርስዎ የገቡት እዚህ ላይ ነው። ቅሬታ ማቅረብ ነውር ስለሆነ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ አፍንጫ አመሰግናለሁ። በሞጣ መውጫ ኬላ ላይ መምሬን ከነጥምጥማቸው አስቁመው፣ ታንከሩን ከፍተው አሸተቱና ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት አገኙ። እርስዎም ተጠርተው መጡ፤ ደግመው አሸተቱ፤ ነዳጅን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል ነው ብለውም ፈረዱ። እኔ እየሮጥኩ ደርሼ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ሌላው የዘይት ማጠራቀሚያ እንደሌለው፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ካልጠጣ ፒስተኑ ደርቆ እንደሚጣበቅ በትሕትና ላስረዳዎ ሞከርኩ። እርስዎ ግን ‘ዘይት በዘይት ቦታ፣ ቤንዚን በቤንዚን ቦታ’ ብለው ነገሩን ቋጩት። ልብ የሚነካ ሥርዓት ነው። በዚሁ ከቀጠልን ሽሮዋ ላይ ዘይት ጠብ ያደረገች ሴት ሁሉ ኬላ ላይ ተይዛ መዋሏ ነው።

ታርጋ የለውም ብለው ቢይዙት ኖሮ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር፤ በእርግጥም የለውም። እናንተ ግን ታርጋውን አልጠየቃችሁም፤ ትውልዱን ጠየቃችሁ። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካርቡራተሩ ከሌላው፣ ማርሚታው ከበርሜል ስለሆነ፣ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለውን ተረትኩላችሁ። ሠራተኛዎ ተረቴን የተከሳሽ ቃል ብሎ መዘገበው። ስለዚህም ሁለተኛው ምስጋናዬ ይሁንልኝ። በዚያው ላይ ‘ከመጠን በላይ ፈጣን’ ብላችሁ ስለጻፋችሁ ወሬው ተሰምቶ ከሞጣ ድረስ ደንበኛ መጥቶልኛል፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በራዲዮም አይገኝም።

ሦስተኛውን ምስጋና አያ አስናቀው ስለ ጤፋቸው ራሳቸው በአካል መጥተው ሊያቀርቡልዎ ስለፈለጉ ቦታውን ለቅቄላቸዋለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ በሬዎቻቸውንም እንዲያስገባ ይታዘዝላቸው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሞተሩን ከያዙት በኋላ በኃጢአቱ እንዲኖር አልጨከኑበትም። የተቀላቀለውን ቤንዚን አስደፍተው፣ ታንከሩን በሳሙና ውኃ አሳጥበው፣ ጥሩ ንጹሕ ቤንዚን ሞሉለት። ቀጥሎም ፍጥነቱን ለማስረጃ በራስዎ ለማረጋገጥ ተነሥተው ተቀመጡበትና የሞጣን መንገድ ያዙ።

እኔ በዚያ ሰዓት ጋራዤ ውስጥ ነበርኩ። የገዛ ልጇን ለቅሶ የማትለይ እናት የለችም፤ የሠራሁትን ሞተር ድምፅ ከሩቅ እለየዋለሁ። ዳገቱን ሲጀምር በጣም አምሮበት ነበር፤ ዘይት ያጣ ሞተር ከመሞቱ በፊት እንዲህ ያምርበታል። ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየሰላ ሲሄድ መፍቻዬን ወርውሬ በአቋራጭ ወደ መንገዱ ሮጥኩና ‘ያጥፉት! ያጥፉት!’ እያልኩ ጮኽኩ። እርስዎም፣ ምን ያለ ትሑት ሹም ነዎት፣ አንድ እጅዎን ለቅቀው ሰላምታ መለሱልኝ። ፒስተኑ ተጣበቀ፤ የኋላ ጎማዎቹ እንደተነከሱ ቀጥ አሉ፤ ሞተሩ መንገዱ ላይ ቀረ፣ እርስዎ ግን እስከ አያ አስናቀው ጤፍ ድረስ ጉዞዎን ቀጠሉ።

ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም፤ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ወዲያው ግን አለቀስኩ። ያንን ሲሊንደር በእጄ በሞረድ ያሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን መስኮት በጣቴ እየዳሰስኩ ነው ያለሰለስኩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የእኔን መናቅ እችለዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ‘እስቲ ዘይቱ ለምን ገባ?’ ብሎ መጠየቅ ግን የሹመት ማዕረግ የሚቀንስ አልነበረም።

ሞተሩን አያ አስናቀው በሬ ጠምደው ወደ ግቢዎ ጎተቱልዎ። አሁን ከግቢው ባሕር ዛፍ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር የተጣበቀ ሞተር ሮጦ እንዳያመልጥ ላደረጉት ጥንቃቄ አምስተኛ ምስጋና ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን መሳለቅም ልክ አለው፤ ኅዳር ሚካኤልም ደርሷል።

መምሬ ባለፈው ሰንበት በእግራቸው ሞክረው ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው አፋፉ ድረስ ሄዱ፤ ቁልቁለቱን ጥቂት ወርደው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሰው ደግፎ መለሳቸው። በእርስዎ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ‘የንስሐ ልጄ ነው፤ ሲመጣ ቀኖናውን እሰጠዋለሁ’ ብቻ ነው ያሉት። በእርስዎ ቦታ ብሆን ከወገቤ ይልቅ ይህ ያሳስበኝ ነበር።

የምለምንዎ አጭር ነው። ሰንሰለቱ ይፈታ። የሲሊንደሩን ክዳን ቴስታታውን አንሥቼ፣ ውስጡን አለስልሼ፣ ፒስተኑን ቀይሬ ለዋዜማው አደርሰዋለሁ። ፒስተን አለኝ፤ የፒስተኑ ቀለበት ፋሻም አለኝ፤ የሌለኝ የእርስዎ ፈቃድ ነው። ክሱን ከበዓሉ በኋላ ይቀጥሉበት፤ ቀርቤ እንደገና እተርትልዎታለሁ።

ለንጽሕና ያለዎት ፍቅር እንዳይቀንስ፣ የአፍንጫዎ ኃይል እንዲጠበቅ፣ ወገብዎም እንዲጸና እየተመኘሁ፣ እጄ ግራሶ ስለሆነ ለመጨበጥ ሳልደፍር ከሩቅ እጅ የምነሣ፣

ነዳጅ በመበረዝ የተከሰስኩት
አየሁሽ ወልደ ሰንበት
ቢቸና

ግልባጭ፦
ለመምሬ ገብረ ሕይወት
ለአያ አስናቀው፣ ከነበሬዎቻቸው
ለአያ አካለ ወልድ፣ ከገደሉ ማዶ፣ የክቡር አቶ ምንይሉ አባት

ማስታወሻ፦ የመጨረሻው ግልባጭ ገና አልደረሰም። አባትዎ ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፍ የሚያነቡላቸው መምሬ ናቸው፤ መምሬም የሚሻገሩት በሞተሩ ነው። ሞተሩ እንደታሰረ ከቀረ አባትዎ ይህን ደብዳቤ አይሰሙም፤ ሥጋ ወደሙንም አይቀበሉም። ከተፈታ ሁለቱም ይደርሳቸዋል። እርስዎ ክረምት ከገባ ወዲህ ስላልተሻገሩ አልሰሙ ይሆናል እንጂ፣ መምሬ ለምን እንደቀሩ አባትዎ ደጋግመው ጠይቀዋል። የማዶ ሰዎች እውነቱን ለመንገር ጨንቋቸው መንገድ ተበላሽቶ ነው አሏቸው። እሳቸውም፣ ‘ምንይሉ እኮ ከተማ ሹም ነው፤ ቢሰማ ኖሮ ያስተካክለው ነበር’ አሉ። ለሞተሩ ከኋላ አንድ ሰው የሚይዝ መቀመጫ ሠርቼለታለሁ። ከመምሬ ጋር ተሻግረው ደብዳቤውን ራስዎ ቢያነቡላቸው ይሻላል። ዘይቱን እኔ እቀላቅላለሁ።