በንቦች ሞት የተከሰሰችው ሙሽራ

ይድረስ ለወንድሜ ለአምላኩ፤ ሐዋሳ

እንዴት ከርመሃል? ጨጓራህ ተሻለህ ወይ? የምታስተምራቸው ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ በሥጋችን ደህና ነን፤ ስለ ጭንቅላታችን ግን እንጃ። በስልክ ላስረዳህ ብል ጆሮዬ ላይ እየዘጋህ ስላስቸገርከኝ ጻፍኩልህ።

የአባባ አሥራ አንድ ቀፎ ንብ ነሐሴ ላይ በሦስት ቀን አለቀ። ሬሳውን በመጥረጊያ ነው የሰበሰብነው። ሚስትህ ስርጉት ከማንቡክ መጥታ አባባ ቤት ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ለመንደሩ ይኸው በቃው፤ «እግረ ደረቅ ናት» ተባለች።

አክስታችን የወርቅውሃ ማስረጃ አለኝ ይላሉ። ከማንቡክ የመጡ ሁለት ሙሽሮችን ያውቃሉ፤ የአንዷ ላም ሞታለች፣ የሌላዋ ባል እግሩ ተሰብሯል፤ ስለዚህ ከዚያ የምትመጣ ሁሉ እንደዚያ ናት። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያገቡት ሴቶችስ ላም አልሞተባቸውም ወይ ብላቸው፣ እሱ ሌላ ነው አሉኝ። አጎት አሳምነው ደግሞ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ንብ ክፉ እግር ከገባበት ቤት አይቀመጥም፣ ይኸው አልተቀመጠም፣ ታዲያ እግሩ የማን ነው ይላሉ። ንቡ ሞተ እንጂ መች ሄደ ብላቸው ተቆጡኝ።

በአባባ ግን መሳቅ እንኳ አቃተኝ። በቆሎው አብቦ ንቡ ሲርመሰመስበት፣ በጠራራ ፀሐይ የተምች መድኃኒት የረጩት ራሳቸው ናቸው። ጎረቤታችን ባቢከር በአጥሩ ላይ ሆኖ፣ «አባ ሀብቱ፣ አሁን ተው፣ ንብ አለ፣ ማታ ይሻላል» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ይህን ባነሳባቸው፣ መድኃኒቱ ለተምች ነው እንጂ ለንብ አይደለም ብለው አረፉት። መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ይላሉ፣ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ይለቅማሉ።

ይህን ሁሉ አምና እራት ላይ የተነተንክልን አንተ ነህ። ሰው ከሁለት ነገር ተነሥቶ በሺህ ላይ እንደሚፈርድ፣ የፈለገውን አስቀድሞ ወስኖ ማስረጃ እንደሚፈልግ ስትናገር አፌን ከፍቼ ነበር የሰማሁህ። አሁን ግን ስርጉትን አንድ ቃል ሳትጠይቃት ለአባባ ደውለህ፣ ነገሩ እስኪበርድ ወደ እናቷ ትሂድ አልካቸው። ለእኔ ደግሞ፣ አላምንበትም፣ ግን አባባን ማስቀየም አልፈልግም አልከኝ። እነሱ የሚሉትን ያምኑታል። አንተ የማታምንበትን ነው የፈረድክባት። ወንድሜ ብትሆንም ንቄሃለሁ።

ቅዳሜ ሊሸኟት ስንቅ ተሰናድቶ ነበር። ዓርብ ሻንጣዋን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። እስከፈለገች ድረስ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች።

አባባ ጤናቸው ደህና ነው፤ ከእኔ ጋር ግን አይነጋገሩም። ባለቤቴ ሰራዊት ሰላም ብሎሃል። ልጄ እየሩስ እንደምን ነህ አጎቴ ትልሃለች። አክስታችንም ሰላም ብለውሃል፣ በምክርህም ተደስተዋል። ስርጉትን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ «የሚያምንበት ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር በይው» አለችኝ።

እህትህ የሺሀረግ
አሶሳ ዙሪያ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.