ስለ መኪናዋ ያልተጻፈው ዜና

ቀን፦ ሰኞ፣ መጋቢት 9

ለጋዜጣ ድርጅቱ የማኅደርና የንባብ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ለማረጋገጫ የተላከልዎ የጋዜጣ ገጽ ሐሰተኛ መሆኑን ስለማሳወቅ፣ እውነተኛውም ገጽ ለአባቴ እንዲነበብላቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካቿ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ፎቶ ኮፒ የማነሳ፣ ጽሑፍ የማትምና መታወቂያ ላሚኔት የማደርግ ሴት ነኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው። ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

1. አባቴ በወጣትነታቸው «የራሳችንን መኪና እንሠራለን» ብሎ በተነሳ አንድ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ገጣሚ ነበሩ። ላሜራውን በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ሻንሲውን ከተጣለ የጭነት መኪና ቆርጠው፣ ሞተሩን ከአሮጌ ሞተሮች አገጣጥመው አንዲት ሰማያዊ መኪና አወጡ። በተመረቀችበት ዕለት የእናንተ ጋዜጠኛ ተገኝቶ ነበር። አባቴ በማግሥቱ ጋዜጣውን ገዝተው ቤት ገቡ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ያነበበችላቸው እናቴ ናት፣ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ። ያነበበችላቸውን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይሉታል፦ «የአገር ልጆች በእጃቸው የሠሯት መኪና ተመልካቹን ሁሉ አስደንቃለች። በተለይም ፍሬኗን የገጠመው ወጣት ሠራተኛ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።»

2. ይህን ሳይሰማ ከቤታችን የወጣ እንግዳ የለም። እኛ ልጆቻቸው ሀሁን ሳንቆጥር ይህን ሸምድደናል። ታላቅ ወንድሜ እንግዳ ሲመጣ «ተመልካቹን ሁሉ» ብሎ በሹክሹክታ ይቀድማቸውና በሳቅ እንፈርስ ነበር። ሰፈሩም «ባለ ጋዜጣው» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጋዜጣው ራሱ የት ገባ ሲባል እናቴ «ዝናብ በላው» ትልና ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እኛም ወሬው ሰልችቶን ስለነበር ከዚያ በላይ የጠየቀ አልነበረም።

3. እናቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። አባቴ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀመሩ፤ ስለ መኪናዋም ማውራት ተዉ። ያ ስናፌዝበት የኖርነው ወሬ ሲቀር ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እንደዚያ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። ጽሑፉን ፈልጌ በፍሬም አድርጌ ልሰጣቸው ቆርጬ ወደ እናንተ መጣሁ። አፍንጫቸውን በመሐረብ የሚሸፍኑት ሽማግሌው የማኅደር ሠራተኛ፣ ቀኑን የማላውቅ መሆኔን ሰምተው እንኳ ሳያባርሩኝ፣ ከ«ፋብሪካ» እስከ «ትራንስፖርት» ያለውን የካርድ መሳቢያ ሁሉ አበጠሩልኝ። የለም። ባዶ እጄን ላለመመለስ ስለ አንድ የጎማ መጠገኛ መከፈት የሚያወራ ገጽ ኮፒ አስደርጌ፣ የክፍሉን ማኅተም አስመትቼ ወሰድኩ። በሌላ ቀን ስመለስ ሽማግሌው በር ላይ ፈገግ ብለው ጠበቁኝና «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፣ መኪናሽ ተገኘች» አሉኝ። ያገኟት «አደጋ» ከሚለው መሳቢያ ነው።

4. ርእሱ «በምርቃት ላይ የነበረች መኪና መድረክ አፈረሰች» ይላል። ሹፌር ያልነበረባት መኪና ቁልቁል ተንሸራትታ የክብር እንግዶች ከተቀመጡበት መድረክ ጋር መላተሟን፣ በሰው ላይ ጉዳት አለመድረሱን፣ የአደጋውም ምክንያት የፍሬን ገጣሚው ቸልተኝነት መሆኑን ይዘረዝራል። ምስጋና የሚባል ነገር ከላይ እስከ ታች የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያንን ሁሉ ከራሷ ፈጥራ ነበር ያነበበችው! ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። የጋዜጣውን ጥራዝ ጥርቅም አድርጌ «ይሄ አይደለም» አልኳቸውና እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ለእኔ ብለው አቧራ ሲውጡ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ያንን ባሰብኩ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

5. ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬ አላመካኝም። ሰይጣን ፎቶ ኮፒ ማንሳት አይችልም፤ የምችለው እኔ ነኝ። እናቴ ያለችውን ቃል በቃል በአሮጌ ፊደል ጽፌ፣ በአምድ ከፍዬ፣ ወረቀቱን በሻይ ነክሬ አደረቅሁት። ማኅተማችሁን ከጎማው ገጽ አንስቼ ግርጌው ላይ አሳረፍኩት። ሥራዬ ሆነና፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከእውነተኛው ይልቅ አማረ። ላሚኔት አድርጌ ለአባቴ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ሳሙት፤ «በይ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ያን ዕለት ኮታቸውን ለብሰው ከቤት ወጡ። ጸጉር አስተካካዩ ጋ፣ ጋራዦቹ ጋ፣ ያላሳዩበት ቦታ የለም። እኔም ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አካሄዳቸውን እያየሁ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

6. «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» የሚባለው እውነት ነው። ፈተና ለማባዛት ወደ ሱቄ የሚመጡ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ገጹን አባቴ እጅ ላይ አዩት። ተማሪዎቻቸው አሮጌ መኪና እያደሱ ኖሯል፤ ስለ ጥንቱ የመኪና ሥራ ዐውደ ርእይ ሊከፍቱም ነው። ገጹ በትልቁ ታትሞ በሩ ላይ ሊሰቀል፣ አባቴም በክብር እንግድነት ሊናገሩ ተወሰነ። መምህሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ኮፒውን እውነተኛነቱ ይረጋገጥ ብለው ለእርስዎ ላኩ። ይህን የነገሩኝ በደስታ ነው። እኔ ግን የሚመጣው መልስ ታየኝ። የእርስዎ መልስ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሲመጣ አባቴ በዚያ ሁሉ ወጣት ፊት፣ በዚያ ኮታቸው፣ የተጭበረበረ ወረቀት ይዘው ሊገኙ ነው።

7. እውነቱን ለመናገር የዚህ አቤቱታ የመጀመሪያ ረቂቅ ሌላ ነበር። ጥራዙ ለጥገና ወጥቷል ብለው እንዲመልሱልኝ ልለምንዎ ነበር። ያንን እየጻፍኩ ሳለ አባቴ ሱቅ ገብተው «ለማነው እንዲህ እያላበሽ የምትጽፊው?» አሉኝ። ተራ የሚጠብቁትን ደንበኞች አሰናብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

8. ይወድቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና «ድንጋዩስ ተጽፏል?» ብለው ጠየቁኝ። «የምን ድንጋይ?» ብላቸው አወጉኝ። በምርቃቱ ዕለት የእጅ ፍሬኗ ገና አልጠበቀም ነበር፤ መኪናዋን የያዛት ከጎማዋ ሥር የተደረገ ድንጋይ ነው። ጋዜጠኛው ካሜራውን ሲያነሳ አባቴ «እንዴት ድንጋይ ተደግፋ ፎቶ ትነሳለች!» ብለው ሮጠው አነሱት። ጋዜጠኛው ሲያነሱ አይቷቸዋል። ሥራቸውን አጡ፤ ጋራዡም ሳይከርም ተዘጋ። በማግሥቱ ጋዜጣውን የገዙት ውርደታቸውን ለመስማት ነበር። ስለ አደጋው አንዲት ቃል ሳይሰሙ ሲቀሩ ግን ጋዜጠኛው አዝኖላቸው የሸፈናቸው መሰላቸው። እኛ ጉራ ሲነዙ መስሎን የሳቅንባቸው፣ ለካ ያን የማያውቁትን ሰው እያመሰገኑ ኖሯል።

9. «ለካ የሸፈነችኝ እሷ ናት» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ መዋሸት እንደምትችል አላውቅም ነበር። እኔ የሰው ጋዜጠኛ ሳመሰግን እሷ ሳትመሰገን ሄደች።» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ላባብላቸው ብዬ፣ እውነተኛውን ገጽ እኔው አምጥቼ ላነብላቸው ብነግራቸው እጃቸውን አነሱ። «እናትሽ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው፤ ያን ጊዜ ጎጆዬ ሊፈርስ ነበር። አንቺ ግን ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ አልነበረም ወይ? ከእንግዲህ አንቺ አታንብቢልኝ» አሉ።

ስለዚህ፣ ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው፦

ለትምህርት ቤቱ የሚጽፉት መልስ ገጹ ሐሰተኛ መሆኑን፣ የሠራሁትም እኔ ብቻ መሆኔን፣ አባቴ ምንም እንዳላወቁ በግልጽ ይግለጽልኝ። በማኅተሙ ምክንያት ለሚደርስብኝ ሁሉ ራሴን አቀርባለሁ።

አባቴ ከትምህርት ቤቱ አልቀርም ብለዋል፤ ስለ ድንጋዩ ራሳቸው ለተማሪዎቹ ሊነግሩ ነው። ከዚያ በፊት በመጪው ሐሙስ ወደ ንባብ ክፍሉ እንዲገቡ፣ ሽማግሌው ባልደረባዎም እውነተኛውን ገጽ ከርእሱ እስከ ነጥቡ ምንም ሳይዘሉ እንዲያነቡላቸው ይፍቀዱልኝ። ሽማግሌውን ይቅርታ ብዬ ልለምናቸው ነበር፤ ግን በዚያው ሐሙስ ከንባቡ ሌላ የእኔን ጣጣ ልጨምርባቸው አልወደድኩም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ።

እኔ አብሬያቸው እንድገባ አልጠይቅም፤ እሳቸውም አልፈቀዱ። ነገር ግን ንባብ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ የአባቴም ጉልበት ደክሟል። እስከ በሩ ድረስ ብቻ ልደግፋቸው እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ከበሩ ወዲያ አላልፍም።

ከማይሸሸግ እፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት

አባሪ፦ የሐሰተኛው ገጽ ዋና
ግልባጭ፦ ለቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር