ለኢንጂነር ረመዳን የታሰበ የግድብ ጉብኝት

ለውድ ወንድሜ ለሳዲቅ አብዱራህማን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ቤት ይግባልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ያ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ እያቆመ ጨረሰህ? ብርዱስ ገባ? ምግቡስ ተስማማህ ወይስ አሁንም ዕንቁላልና ሩዝ ላይ ነህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እማን ጉልበቷን ትንሽ ይዟታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እህሉም ዘንድሮ ደህና ነው፣ ጤፉ አሽቷል።

በስልክ የጋቢውን ጠርዝ ፍታው ያልኩህ ለዚህ ደብዳቤ ነው። እማ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ ስለምትል በስልክ የሆዴን ልነግርህ አልቻልኩም፤ ጽፌ ጋቢህ ውስጥ ሰፋሁት። ተሸክሞ ያመጣልህም ራሱ ኢንጂነር ረመዳን ነው። የራሱን ጉድ በራሱ ሻንጣ ይዞ ባሕር ሲሻገር ሳስበው ከአሁኑ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ሱቄ ውስጥ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ሱሪ በክንዱ ይዞ ገባ። ቀና ስል እሱ ነው፣ የጥቁር ውሃ ግድቡ ኢንጂነር። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ አገጩን ግን ያው እንደ ድሮው ሽቅብ ነው የሚይዘው። ጃፓን ለስብሰባ ሄደው ግድብ እንዲጎበኙ ከተመረጡት አንዱ መሆኑን ነገረኝና ሱሪውን እንዳሳጥርለት፣ ከኋላም እንዳሰፋለት ጠየቀኝ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ወንድምሽ እዚያ መኪና አለው ሲሉ ሰማሁ፣ ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቀን ስለሚተርፈኝ ያዟዙረኝ አለኝ።

ሜትሬን እንደያዝኩ አየሁት። እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የይመር ሚስት እያለ ነው የሚጠራኝ፣ እሱም የማን ልጅ መሆኔን አላወቀም። ወላሂ ሳዲቅ፣ አውቆኝ ቢያፍር ይሻለኝ ነበር። አውቆኝ ቢኮራብኝም ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው ጭራሽ ረስቶናል። ጥርሴን ነክሼ ምን ገዶት፣ ደስ ይለዋል እንጂ አልኩት። አፌ እርስዎ እያለ ሲያከብረው እጄ የሱሪውን መቀመጫ በስስ ክር ሰፋ፣ እሰው ፊት ጎንበስ ባለበት ቀን እንዲተረተር። ጎረቤታችን እትዬ የሻለም ነገሩን ስትሰማ ምነው ሚጥሚጣ ብትነሰንሺበት አለችኝ። አውሮፕላን ውስጥ ሲያክ ማን አይቶ ይነግረኛል ብዬ ተውኩት።

አንተ ደግሞ ስሙን ስነግርህ ሥራ አለብኝ እለዋለሁ፣ ለአላህ እንስጠው አልክ። ለአላህማ ከሰጠነው ቆየን። ይኸው አላህ ደጅህ ድረስ አምጥቶ ጣለው፣ አንተ በር ልትዘጋ ነው? ሌላው ሐበሻ ፎቅና ባሕር ዳር ፎቶ ሲነሳ አንተ የዕረፍት ቀንህን ሁሉ ግድብ ለግድብ ትዞራለህ። ለጎብኚ የሚሰጡትን የግድብ ካርድ ሰብስበህ ግድግዳህን ሞልተኸዋል። ይመር ይሄን ልጅ ምን ነካው ይለኛል። እኔና እማ ምን እንደነካህ እናውቃለን፣ አንድ ቀን ግን ጠይቀንህ አናውቅም። ስለዚህ ሥራ አለብኝ አትበለኝ። ፈቃድ ጠይቅና ውሰደው።

መንገዱን እኔ አውጥቼልሃለሁ። የላክልኝን ቪዲዮ ሁሉ ደጋግሜ ስላየሁት እዚያ የኖርኩ ያህል ነው። በትልቁ አስፋልት እንዳትወስደው። በዚያ ቅጠሉ እንደ በርበሬ በቀላበት ተራራ፣ ዋሻ ለዋሻ በሚጠመዘዘው መንገድ ውሰደው። ከወረኢሉ በሚመጣው መንገድ ስንት ጊዜ መኪና አስቁሞ እንዳስታወከ የድሮ ሹፌሩ ለአገር አውርቶታል። ከኋላ አስቀምጠው። መስኮት ክፈት ካለህ ብርዱ ይጎዳዎታል በለው። ፊቱ አመድ ሲመስል ደግሞ ዕይታው አያምርም ወይ እያልክ ጠይቀው።

መጀመሪያ ያን እንደ ቀስት የጎበጠውን ረጅም ግድብ አሳየው፣ ከሥሩ አቁመህ ሽቅብ ይየው። ሲሚንቶውን ይዳብስ፣ ያብራራልህ፣ አንተ እሺ እሺ በለው። ለምሳ እዚያ ሩዙን እንደ ግድብ ከምረው ወጡን ከኋላው እንደ ውሃ ወደሚያቁሩበት ቤት ውሰደው። ያን ፎቶ ስትልክልኝ እነዚህ ሰዎች በምግብ ይጫወታሉ ብዬ ስቄ ነበር፣ አሁን ግን ለሥራ ፈለግሁት። ለእሱ ብቻ እዘዝ። ግድቡን በማንኪያው ሲንደው ወጡ ወዴት እንደሚፈስ ቁጭ ብለህ እየው፣ አንተ ግን እጅህን እንዳታነሳ። ለምን አትበላም ካለህ ዝም በል። የአገራችን ሰው ነው፤ አብሮት የማይበላ ሰው በሆዱ ነገር እንደያዘ ሊገባው ይገባል።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። ለጎብኚ ብለው በቀጠሮ ውሃ የሚለቁበት ግድብ አለ ብለኸኝ ነበር። ውሃው ከመለቀቁ በፊት ሳይረን ይጮሃል፣ መኪናም በወንዙ ዳር እየዞረ ሰው እንዲርቅ ያስጠነቅቃል ያልከኝ ቀን ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አልነበረም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው። የኛ ሳይረን አባ ነበር።

አንተ ያኔ ወረኢሉ ትማር ስለነበር በዓይንህ አላየህም፣ ያየሁትን ልንገርህ። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ሰንብቷል፣ የጥቁር ውሃ ግድብ እስከ አፉ ሞልቷል። ግድቡን ይጠብቅ የነበረው አባ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየና ለዚሁ ለኢንጂነር ረመዳን ደወለ፣ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። የውሃ ማስለቀቂያውን በር ልክፈተው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አትክፈት፣ ነገ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሞልቶ ይዩት አለ። አባም ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጋቢውን ጣለና ቁልቁል ወንዝ ወንዙን እየጮኸ ሮጠ። ልብስ የሚያጥቡትን፣ ከብት የሚያጠጡትን፣ ሽንኩርት የሚኮተኩቱትን ሁሉ ውጡ ውጡ እያለ አወጣቸው። ግድቡ ሲፈርስ ማሳውን ጠረገው፣ አንድም ሰው ግን አልሞተም።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተጠርቶ በተሰበሰበበት ኢንጂነሩ ተነስቶ ዘበኛው ቦታውን ጥሎ ሸሸ፣ በሰዓቱ በሩን ቢከፍት ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር አለ። አባ ደውዬልዎ ነበር ቢለው ማን ለማን ደወለ ብሎ ሳቀበት። እነዚያ ከውሃ ያወጣቸው ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ግድቡ እንደገና ይሠራል ተብሏላ፣ ኢንጂነሩን ማን ያስቀይም። አባ ከዚያ ወዲህ መስጊድ ሲገባ ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቆመው። እስኪሞት ድረስ። ዛሬም ከሰፈራችን የመጣ ገበያተኛ ሲያየኝ ለጓደኛው የዚያ ግድቡን ጥሎ የሸሸው ልጅ ናት ሲል እሰማለሁ።

እና ሰዓቱን አትንገረው። ከታች ጎብኚ በሚቆምበት ድልድይ ላይ አቁመው፣ ምንም እንደማይነካው አንተ ታውቃለህ፣ እሱ አያውቅም። ሳይረኑ ሲጮህ ስልክህን አውጣና ቅረጸው። አባ ወደ ሰው ነበር የሮጠው፤ ይሄ ወዴት እንደሚሮጥ ማየት አለብኝ። ገና ሳይረጋጋ የአብዱራህማን ልጅ ነኝ በለው። አትክፈት ያለው ማን ነበር ብለህ ጠይቀው። በገዛ አፉ ይናገረው። እኔ ደግሞ አገራችን ወርጄ፣ ከጁምዓ በኋላ ጀመዓው ሳይበተን፣ ያን አንገት ሁሉ እያየሁ አሰማቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ እማ መጣች። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፣ መደበቅ አቃተኝና ሁሉንም አነበብኩላት። ከአባ ሞት ወዲህ ስለዚያ ግድብ አንዲት ቃል እንደማትናገር ታውቃለህ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳይረኑንም ቪዲዮውንም እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው አለች።

በየጠዋቱ ለአባ ቁርስ ይዛ ወደ ግድቡ ስትወጣ ታየው የነበረውን ነገረችኝ። የኢንጂነሩ መኪና ስትደርስ አባ ይነሳል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና አሰላሙ ዓለይኩም ይላል። ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ በአጠገቡ ያልፋል። አባ ቁጭ ይልና ዛሬም አልሰማኝም ይላታል፣ በማግስቱ ደግሞ ይነሳል። ሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሊሞት ሲል ስለ ግድቡ አላነሳም አለችኝ። ምን ባስቀይመው ነው ሰላምታዬን የነፈገኝ ብሎ ነው የጠየቃት።

ከዚያ ያን ቪዲዮውን የላክልንን ሽማግሌ የግድብ ዘበኛ አስታወሰችኝ፣ ነጭ ጓንት አድርጎ ለሚገባው ሁሉ እጅ የሚነሳውን። እዚያ አገር ጎብኚውም መልሶ ያጎነብሳል ብለኸን ነበር። በዚያ ሽማግሌ ፊት ከመኪና ይውረድና አጎንብሶ ወዓለይኩሙ ሰላም ይበል፣ የአባታችሁን ሰላምታ ይመልስልኝ አለች። ሽማግሌው ባይገባው ምንም አይደል፣ ለረመዳን ይገባዋል አለች። እኔ ስንት ቀን መንገድ ሳወጣ ስከርም እማ በአንድ አፍታ በለጠችኝ። ስለዚህ ሳይረኑን አስቀድመው፣ ሽማግሌው መጨረሻ ይሁን። ሳያጎነብስ ወደ ሆቴሉ እንዳትመልሰው።

እማ ዱዓዋን ከእግር እስከ ራስህ ታወርድብሃለች፣ ካፖርትህን ሳትቆልፍ እንዳትወጣ ትልሃለች። ይመር ሰላም ብሎሃል፣ መኪናህን ጎማዋን አስፈትሽ ይላል፣ ወዴት እንደምትነዳት ግን አልነገርኩትም። ሀናን ለአጎቴ ብላ የአውሮፕላን ሥዕል ሥላልሃለች፣ አብሬ ሰፍቼዋለሁ። እትዬ የሻለም በስማም ብላ ሦስቴ አማትባ ሰላም በይልኝ ብላሃለች፣ የሚጥሚጣውን ነገርም እንድታስብበት ብላኛለች።

ሱሪውን ሊወስድ ነገ ይመጣል። እማ ከተኛች በኋላ የመቀመጫውን ስስ ክር ተርትሬ ጆንያ በሚሰፋበት ክር ደግሜ ሰፋሁት። አዝኜለት እንዳይመስልህ። ይቀደድብኛል ብሎ መሃል ላይ እንዳይቆም ነው። እስከ ታች ያጎንብስ።

እህትህ ሁዳ አብዱራህማን
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.