ከምድጃው በላይ የሰቀልኩት ታብሌት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ሚካኤል

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ገብሴን ራሴ አጭጄ ራሴ ከምሬአለሁ። ሽሮዬን እሠራለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ ደጋፊ ደርሼ እመለሳለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ ብሎኛል። ይህን የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል ነው። ቢሳሳትም የኔ ነው።

ልጄ ዘነቡ ጎንደር ነው ያለችው። እናቷ ጥሩነሽ ካረፈች ወዲህ «ብቻዎን አይችሉም፣ እኔ ጋ ይምጡ» ትለኛለች። ጎንደር ለሦስት ቀን ጥሩ ነው። ቤቴ ግን እዚህ ደባርቅ ነው፤ ጥሩነሽም እዚህ ናት።

ባለፈው መጥታ ታብሌት የሚሉትን ሰጠችኝ። ውሏ ይህ ነው፦ ማታ ማታ ትደውላለች፣ ፊቴን ታያለች። ካነሣሁ እዚሁ እቀራለሁ። ካላነሣሁ መጥታ ትወስደኛለች። እሺ አልኳት። እኔን በመስታወት ልታሸንፈኝ!

ዛሬ ማታ ጮኸ። አነሣሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «አባዬ፣ ጆሮዎትን ነው የማየው» ብላ ሳቀች። ይሁን። ጆሮዬም የኔ ነው።

ማክሰኞ

ታብሌቱን የት ላስቀምጠው? መደቡ ይቀዘቅዛል፣ ሣጥኑ ውስጥ አይጥ አለ። የአባቴ የዳዊት ማኅደር ባዶውን ነበር። ዳዊቱን ጥሩነሽ ስታርፍ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቼዋለሁ። ታብሌቱን ባስገባው ልክክ አለ፤ ለሱ የተሰፋ ይመስላል። አባቴ ዳዊቱን የሚሰቅለው ከምድጃው በላይ ነበር። ጢሱ ብል አያስጠጋም፣ እርጥበትም አያገኘውም። እኔም እዚያው ሰቀልኩት።

ጎረቤቴ የኔታ ገብተው አዩት። «ተገኘ፣ ይህንንም ልትደግመው ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ የራስዎን ይድገሙ» አልኳቸው።

ሲመሽ ብርዱ ጠና። እሳቱን አነደድኩት። ዘነቡ የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ ባወርደው እንደ ጉልቻ ግሏል። አንድ ነገር ጻፈ፣ ፊደሉን ሳልለይ ጠፋ። ብጫነው፣ ብነቀንቀው፣ ብቆጣው ዝም። አልጮኸም።

ረቡዕ

ጥቁር ነው። ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ምንም።

የኔታ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ዘነቡ እሳቸው ጋ ደውላለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ልብሱን ያሰናዳ ብላለች። እንካ፣ ደውልና ደህና ነኝ በላት።»

«በሰው ስልክ ደህና አልሆንም። ውሉ በኔ ታብሌት ነው።»

«አቤት ግትርነት! ጎንደር ፎቅ ላይ ተቀምጠህ መኪና ስትቆጥር ትውላለህ።» እየሳቁ ወጡ። ከበር ላይ ዘወር አሉና፣ «ብትሄድ ግን እኔ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አሉኝ።

እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ።

ሐሙስ

መናኸሪያው አጠገብ ሰብለ የምትባል ልጅ ስልክ ትጠግናለች። ታብሌቱን ከማኅደሩ አውጥታ አሸተተችው።

«አባባ፣ ቋንጣ መስሎዎት ነው የሰቀሉት?»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ። «የአባቴ ዳዊት ስንት ዘመን ተሰቅሎ ምንም አልሆነም» አልኳት።

«ዳዊት ባትሪ የለውማ!»

በዚህስ ልክ ናት። አልሞተም አለች። ሙቀቱ ነው ያጠፋው፣ የቻርጁ ቀዳዳም ጥላሸት ገብቶበታል። «ለነገ ይተዉልኝ።» ተውኩላት። ማኅደሩን ግን ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ነቅቷል! ሰብለ አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችኝ። እንዳልረሳው፦

እሳት አጠገብና ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ቻርጅ ሲደረግ ጋቢ አይለብስም። (አልብሼው ነበር። አልነገርኳትም።)

ከጋለ አጥፍቶ፣ ከሽፋኑ አውጥቶ ጥላ ውስጥ መተው። ውኃ አይነካውም።

ቀዳዳው ውስጥ መርፌ አይገባም። ጠፍቶ እያለ በደረቅ ስንጥር፣ በቀስታ።

መስታወቱ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። በምራቅ አይሆንም።

«ሽልማት ደርሶዎታል» ካለኝ አልነካም። በነፃ የሚሰጠኝ ማን ነው? ይህን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።

መብራት ሲጠፋ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፤ ካልፈለግሁት ጭራሽ ማጥፋት።

ለመደወል የዘነቡን ፎቶ መንካት። እስካሁን ማንሣት እንጂ መደወል አላውቅም ነበር።

መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም፤ ሰብለ ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ ብቻ ነው የሞላችልኝ። ቤት ስደርስ ኔትወርኩም ጠፋ። የየኔታም ስልክ ዝም ብሏል። ነገ ቅዳሜ ነው። ብርሃኑን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያም አጠፋሁት።

ቅዳሜ

አሁንም መብራት የለም። ማኅደሩ የተሰቀለው በሩ አጠገብ ነው፣ ከእሳት ርቆ። ታብሌቱን አውጥቼ አበራሁት። ባትሪው ቀልቷል። ኔትወርኩ ግን መጥቷል!

የዘነቡን ፎቶ ነካሁ። ጣቴ ሻካራ ነው፣ አልሰማኝም። በጋቢዬ ጠርጌ ደገምኩት። ጠራ።

«አባዬ! ራስዎ ነዎት የደወሉት?»

«ታዲያ ማን ይደውልልኛል?»

መኪና ውስጥ ናት፣ ዳባት ደርሳለች። ታብሌቱን አራቅሁና መጀመሪያ ፊቴን አሳየኋት። ቀጥዬ የፈለጥኩትን እንጨት፣ የከመርኩትን ገብስ፣ የሽሮ ድስቴን። «ነዪ፣ ምሳሽን ትበያለሽ፣ ብቻሽን ትመለሻለሽ» አልኳት።

«ሽሮው ለሁለት ይበቃል?» ስትል ባትሪው አለቀ። ይበቃል ማለቴን አትስማው እንጂ ብያለሁ።

ዳባት ሩቅ አይደለም። ምን ብላ እንደምትገባ አላውቅም። ልብሴን አላሰናዳሁም። እስክትደርስ ያለብኝን ልጻፍ፤ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ።

ለሰብለ፣ ከራሴ ገብስ የተዘጋጀ በሶ። በገንዘብ እምቢ ብላለች።

ለየኔታ፣ የውቂያ ጉልበት። ገብሳቸው ገና ነው።

ለጥሩነሽ፣ መቃብሯ ላይ የበቀለውን ሣር ማጨድ።

ለዘነቡ፣ ለጥምቀት ጎንደር መሄድ። በአውቶቡስ፣ ብቻዬን። ደግሞ መመለስ።