ስልባቦት የሌለው ወተት

ሙሉዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ክረምት ስል መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሰመራ ላይ ስሙ ይመጣል እንጂ ዝናቡ አይመጣም። ደብዳቤ መጻፍ የኔ ሙያ እንዳልሆነ አንቺው ትመሰክሪያለሽ። ቢሮም የምጽፈው የወንበርና የጠረጴዛ ገቢና ወጪ ነው። ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ለቤቲ ደግሞ "ለእማዬ እጽፍላታለሁ" ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ይኸው።

ስለ ሐዘኑ ብዙ አልጽፍም። አለ፤ ልማድ ሆኗል። ቤቱም ያው ነው፤ ማራገቢያው አሁንም መብራት ሲኖር ይንጫጫል፣ መብራት ሲጠፋ ይናፍቃል። ቤቲ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለዋል። ናሆም ስትሄጂ ገና እየተደናቀፈ ነበር፤ አሁን ይሮጣል፣ ማንም ሳይጠራው ሰው ቤት ይገባል። ልጽፍልሽ የተነሣሁት ግን ስለሚበሉት ነገር ነው።

የአርባሽ ዕለት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ እናትሽ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ልጆቹን እኔ ጋ ተዋቸው" አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ቢሮ የሚውል ወንድ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ደሞዝ፣ ሁለት ሕፃናት ምን አብልቶ ያሳድጋል ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺ ስትገበዪ ዘንቢል ከመሸከም ያለፈ የማውቀው የለም። ቢሆንም እምቢ አልኩ። ለምን ሲሉኝ ልጆቼ ናቸው አልኩ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ለፋሲካ ሰመራ መጥተው ያዩዋቸዋል፤ ከስተው ካገኟቸው ይዘዋቸው ይመለሳሉ፤ እኔም አፌን አልከፍትም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሞኝነት ነበር። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው በጅምላ የተገዛ ነገር እንደሚረክስ ያውቃል። ደሞዝ እንደወጣ ባጃጅ ተኮናትሬ ሎጊያ ገበያ ሄድኩና አንድ ሳጥን ቲማቲም ሙሉውን ገዛሁ። የወሩን አስቤዛ ጨረስኩ ብዬ ኮራሁ። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሳጥኑ ከታች ውኃ ማፍሰስ ጀመረ፣ ዝንቡ ደግሞ ከሎጊያ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ ይመስል ነበር። ከባቲ በመጣች ቁጥር በርበሬ ታካፍልሽ የነበረችው ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ዘምዘም አየችኝና ሳቋን መያዝ አቃታት። "ወላሂ አንተ ሰው" አለችኝ፣ "እዚህ አገር ቲማቲም የሚገዛው ለዛሬ ነው፤ የነገው የፀሐይ ነው!" ከዚያ የበሰበሰውን ለይታ ጣለችና፣ የቀረውን ከፍላ በጨርቅ ላይ አስጥታ ቆርቆሮው ላይ እንድሰቅለው አዘዘችኝ። ከሰዓት አውርጄ ሳየው እንደ ቆዳ ደርቋል። ያንን አድቅቄ ሽሮ ውስጥ ስጨምረው ቤቲ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው። ሙቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ገባኝ። የደጋው አትክልት የሚመጣበትን ቀን አወቅሁ፤ ጠዋት ሳይሆን ነጋዴው ማሳደሩን መፍራት ሲጀምር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሄድን ለመድኩ። ምስሩን ከማታ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ከሰል ይቆጥባል። ፓፓያ በደህና ጊዜ ከዱብቲ በኩል በርካሽ ይመጣል። እንቁላል አንዱን ለሁለት እከፍላለሁ። ሁለት ዶሮ ገዝቼም ነበር፤ አንደኛዋን ሙቀቱ ገደላት፣ ሁለተኛዋ በሐዘን ይሁን በንዴት እንቁላል መጣል ተወች። ገበያ ላይ ሴቶቹ "አባወራው መጣ" ይሉኛል። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን ጎመን እየመረጡ ያቆዩልኛል።

ቤቲ በዚህ ሁሉ ደህና ሆነች። ናሆም ግን አልሆነም። ሽሮውን ሁለቴ ቀምሶ ይተዋል። ምስሩን ከአፉ ያወጣዋል። አንድ ቀን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ መጥታ ክንዱን በዚያች ባለ ቀለም መለኪያ ጠመጠመችው። ቢጫው ላይ ቆመ። ከቢጫው ቀጥሎ ቀይ እንደሆነ ሳትነግረኝ አየሁት። ልጅቷ ትሑት ናት፣ አልወቀሰችኝም። "ወተት ያስፈልገዋል አባቱ፣ በየቀኑ" ብላኝ ሄደች።

በየቀኑ ማለት ለሷ ቀላል ነው። የዱቄት ወተቱን ዋጋ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ከምታውቂው ደግሞ ብሷል። አንድ ጣሳ ብገዛ የሌላውን ሁሉ አስቤዛ በላብኝ፣ ቤቲን አስራብኳት ማለት ነው። የላም ወተት በላስቲክ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲደርስ ግን ግማሹ እርጎ ነው። በራችን ላይ በየጠዋቱ የሚያልፈው ወተት አንድ ብቻ ነው። የሐዋ የግመል ወተት።

ቤቲ ገና ታቅፋ ሳለች ጡትሽ የደረቀ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሐዋ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ በር ላይ ቆመች፣ የሕፃኗን ልቅሶ ሰምታ ነው፣ ሂሳብም አልጠየቀችም። አንቺ አመስግነሽ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አጠጥተሽ፣ ከነጀሪካኗ ሸኘሻት። በሩን ከዘጋሽ በኋላ "የክርስቲያን ልጅ የግመል ወተት አይጠጣም" አልሽኝ። ንቀት አልነበረበትም። እናትሽ እንዲህ አሳድገውሻል፣ እናታቸውም እሳቸውን። ለዱቄቱ መግዣ ብለሽ ምሳሽን ተውሽ፣ ሆዴን ነፋኝ እያልሽ ስንት ወር አለፍሽ። ያኔ ኮርቼብሽ ነበር። የናሆምን ክንድ ባየሁ ዕለት ግን፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ተናደድኩብሽ። ሞተሽም ደንብሽ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ልጁ ሲከሳ ያያል። ከማን ጋር ልከራከር?

ጥቂት ጠዋት ሐዋ ስታልፍ ከመስኮት አየኋት። አንድ ቀን ወጣሁ። እንደ ሌባ ግራና ቀኝ አይቼ ኩባያ ዘረጋሁላት። ጀሪካኗን አዘንብላ ሞላችው።

እንደ ላም ወተት መስሎኝ ጥጄ ስልባቦት እስኪይዝ ጠበቅሁ። አልያዘም። አፈላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ እንደገና አፈላሁት፤ ነጭ ነው፣ ራቁቱን ነው። ውኃ ጨምራበታለች አልኩ። አየሽ፣ በስንት ጭንቅ ደንብሽን ጥሼ፣ ያገኘሁት የግመል ወተት ሳይሆን የግመል ውኃ ነው ብዬ ተናደድኩ። በማግስቱ በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ሐዋ ጀሪካኗን አንስታ ከአፉ ላይ ደጋግማ ተጎነጨችና አፏን በሻሿ ጠርጋ፣ "ግመል ነው እኮ፣ ላም ነው እንዴ?" አለችኝ። ዘምዘም ከሱቋ ሆና ትስቅ ነበር። በእርጎውም ደገምኩት፤ አልረጋ ብሎ ስጠብቅ ከረምኩ። ለካ አይረጋም። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እሷም በሚቀጥለው ጠዋት ከኩባያው አፍ በላይ እስኪፈስ ሞላችልኝ።

ናሆም ጠጣው። አሽትቶ፣ እኔን አይቶ፣ ጠጣው። ጭስ ጭስ ይላል፣ ትንሽም ጨው ጨው፤ ይህን የምልሽ ቤቲ ስለነገረችኝ ነው። እሷ የገብስ አጥሚት ሠርቼ ስጨምርበት ነው የምትወደው። ዋጋው ከዱቄቱ ጋር አይገናኝም፤ የተረፈው እንቁላልም ሆነ፣ ፓፓያም ሆነ። እነዘምዘም ያረዱት ሥጋ ላይ ግን አልደረስኩም፣ አትደንግጪ። የፍየሉ ጥብስ ሽታ ከነዘምዘም ግቢ ሲመጣ አሁንም መስኮት እዘጋለሁ።

ቤቲ አንድ ቀን ኩባያውን እንደያዘች፣ "እማዬ ታውቃለች?" አለችኝ። ገና አልነገርኳትም አልኩ። "ትቆጣለች?" አለች። እጽፍላታለሁ አልኩና ነገሩን ቀየርኩ። በሚቀጥለው ልኬታ መለኪያው አረንጓዴ ላይ ቆመ።

ፋሲካ ሲያልፍ እናትሽ መጡ። በገዋኔ በኩል ያንን መንገድ ሲያቋርጡ ውለው፣ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ በአንድ እጃቸው የመተሐራ ሽንኩርት፣ በሌላው ባዶ ሻንጣ ይዘዋል። ሻንጣው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ቤት ገብተው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ናሆምን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በግ እንደሚገዛ ሰው ጀርባውን፣ ታፋውን፣ ክንዱን ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነው፤ ትንሽ ቅሬታም ነበረበት፣ ይዘው ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበርና። "ይኼ ልጅ ምን እየበላ ነው?" አሉ።

አጥሚት ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። ቤቲ ግን የተሟላ መልስ የምትወድ ልጅ ናት፤ "በግመል ወተት" ብላ ጨመረችበት።

እናትሽ ናሆምን ቀስ ብለው ከጭናቸው አወረዱት። የቀረበላቸውን ሻይ ገፋ አደረጉና ያለ ወተት መሆኑን እያዩ እንኳ አልነኩትም። በዚያ ቀን በቤታችን ዕቃ የተሠራ ምግብ ከአፋቸው አልገባም፤ ከአዋሽ ይዘው የመጡትን ዳቦ በእጃቸው እየቆረሱ በሉ። በማግስቱ ሐዋ ስትመጣ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ናሆም ኩባያውን ይዞ በአጠገባቸው ሮጦ አለፈ፣ ጠጣ፣ ነጭ ከንፈሩን ይዞ ተመለሰና በእሳቸው ቀሚስ ላይ ጠረገው። አልተቆጡም። አልሳቁምም። ልጁን ብቻ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ አንገታቸውን አዞሩ።

ሻንጣውን ባዶውን ይዘውት ተመለሱ። ስንሰነባበት ልጆቹን ሳሙ፣ እኔን "እስኪ" አሉኝ። እስኪ ማለት ምን ማለት ነው? እስኪ እናያለን? እስኪ ሽማግሌ ይላክብህ? ከዚያ በኋላ ስልክም አልደወሉም። ከአዋሽ የሚመጣ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር አጎትሽ ልጆቹን ሊወስዱ የሚወርዱ ይመስለኝ ነበር። ሽንኩርቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት የአውቶቡስ ረዳት ስልክ ደወለልኝ፤ ከአዋሽ ዕቃ አለህ ና ውሰድ አለኝ። ካርቶኑን ቤት አምጥቼ ፈታሁት። ከላይ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱ ሥር ቡና ቀለም ያለው የአንቺ ሻሽ፣ በሻሹ የተጠቀለለ ደግሞ አዲስ ድስትና ክዳን ያላቸው ሁለት ኩባያዎች። የሁሉም ጆሮ ላይ ከሩቅ እንዲለይ ቀይ ክር ታስሯል። ወዲያው ደወልኩላቸው። የወተቱን ስም ከአፋቸው ማውጣት አልቻሉም። "ለዚያ ነው" አሉኝ። "ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳታነካካው። እና ደግሞ ልጁ ሳይጠጣ ጠዋት ከቤት እንዳትወጣ።" ስልኩን ዘጉት። እኔ ሽንኩርቱን እያየሁ አለቀስኩ፤ ቤቲ ሽንኩርቱ ነው ብላ ናሆምን አረጋጋችው።

ስለዚህ ሙሉዬ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ልጆችሽ የግመል ወተት ይጠጣሉ፤ በተለየ ኩባያ፣ በእናትሽ ድስት። የዘንድሮን ክረምትም እዚሁ ከኔ ጋር ናቸው። ከተቆጣሽ በኔ ተቆጪ፣ እነሱ ያበሏቸውን የሚበሉ ናቸው።

እናትሽ የላኩት ሁለት ኩባያ ነው፣ ሦስት አይደለም፤ እኔም ሦስተኛ አልገዛሁም። ሻዬን አሁንም ያለ ወተት ነው የምጠጣው፣ ልክ አንቺ እንደምትወጂው ባሕርዛፍ የፈላበት ውኃ እስኪመስል አጥቁሬ። ሐዋ ለምን አንተስ አትጠጣም ብላ ትስቅብኛለች። ያንን ደንብሽን ለልጆቹ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ክንዳቸው አላስቻለኝም። ለራሴ ግን እጠብቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ቀይ ክር ያለበትን ኩባያቸውን ሲያነሱ እኔ ጥቁሩን አነሳለሁ፤ እስካለሁ ድረስ የማስታውስሽ እንደዚህ ነው።

የቤቲና የናሆም አባት፣
ያንቺው