ኪሎ ለማውረድ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምህ? ባለቤትህ ሀዲጃስ? ልጆቹስ? ከሚሴ ሙቀቱ በርትቷል አሉ። እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ደሴ አክስታችን መሪማ ቤት ነኝ፤ በክራንች እስከ ደጅ መውጣት ጀምሬያለሁ። ሰላምታው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለእማ ከባጃጅ ወደቀች ብለህ ነገርሃት አሉ። እሷም አምናህ የጎረቤታችንን የሙሳን ባጃጅ ገበያ መሀል አስቁማ፣ ልጄን ሰባበርሃት ብላ ሰድባዋለች። ሙሳ ምን ያውቃል? ያን ቀን ጨፋ ሮቢት ሰው ሊያደርስ ሄዶ ነበር። ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ጥፋትህን ስትለጥፍ ትንሽ አይሰቀጥጥህም?

እኔን የሰበረኝን አንተም እኔም እናውቃለን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በዚያ ክብደት ማንሳት በምታሠለጥንበት የቆርቆሮ አዳራሽህ ውስጥ ወገቤ የተያዘው ከውድድሩ በፊት ነው። ብረቱን ከመሬት ሳነሳ እንደ እሳት ያለ ነገር እስከ እግሬ ወረደ። ነገርኩህ። «ቀበቶውን አጥብቂው» አልኸኝ። የአንተ ቀኝ እጅ እኮ ሶላት ስትጀምር ለተክቢራ እንኳ ከትከሻህ በላይ አይወጣም! በዚሁ ብረት የተበላሸ ትከሻ ይዘህ እየሰገድህ፣ እኔ አመመኝ ስል ውሸት መሰለህ?

ከዚያ ደግሞ ኪሎ አውርጂ መጣ። በራሴ ኪሎ ብወዳደር የምትበልጠኝ ልጅ አለች ብለህ ዝቅ ባለው ምድብ አስመዘገብኸኝ። የላስቲክ ጃኬት አልብሰህ በቀትር ፀሐይ አስሮጥኸኝ። ውሃ ስለምንህ «ረመዳን ትጾሚ የለ እንዴ? ምን አዲስ ነገር አለው?» አልኸኝ። ዛሬ ልመልስልህ። ረመዳንን ለአላህ ብዬ ነው የምጾመው፤ ሲመሽም አፈጥራለሁ። ያንተ ጾም ማፍጠሪያ አልነበረውም።

በውድድሩ ጠዋት መቆም ሲያቅተኝ ጓደኛህ ጀሚል መርፌ ወጋኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አንተም አልጠየቅኸውም። ሕመሙ ጠፋ። ስለጠፋም አነሳሁ። የመጨረሻው ሙከራ ላይ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ብረቱም እኔም ወደቅን። ግራ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። አንተ ሮጠህ መጥተህ ምን አልህ? «ከኢ! ተነሺ! ሰው ያየናል!» ወላሂ፣ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ እረሳ ይሆናል፤ ይህችን ግን አልረሳም።

ይህን ሁሉ ውጬ ዝም ልል ነበር። ታላቄ ነህ፤ አባታችን ሲሞት ያሳደግኸን አንተ ነህ። ግን ለባቲው ውድድር ብለህ ያንኑ ጃኬት ለታናሻችን ለኢማን አለበስሃት። ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው! ባለፈው ስትደውልልኝ አፏ ደርቆ ቃሉ አልወጣላትም። ጉልበቷ አብጧል፤ የወር አበባዋም ከቀረባት ቆይቷል። ይህን ለወንድም መጻፍ ነውር ነው፤ እያፈርኩ ጻፍኩት። አንተስ አታፍርም?

ለእማ እውነቱን በስልክ ነግሬያታለሁ። «የኔው ልጅ?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ሻርፗን ጣል አድርጋ ሙሳ ቤት ሄዳ አውፍ በለኝ ብላዋለች። አንተም ሂድና ይቅርታ ጠይቀው። እኔ ጋ ግን ገና አትምጣ። ፊትህን ለማየት አልደረስኩም።

አላህ ልቦና ይስጥህ። ልጆችህን በጤና ያሳድግልህ፤ ከብረትህም ይጠብቅልህ።

ለሀዲጃ፣ ለልጆቹ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለኢማን ማድረስ አያስፈልግህም፤ እዚሁ አጠገቤ ናት። ሐሙስ ለውድድሩ ወደ ባቲ ስትሳፈርም ለሷ ወንበር አትያዝላት።

ታናሽ እህትህ